ሱሱ ያለው ሰውነቴ ላይ ነው ወይስ ጭንቅላቴ ውስጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዕፅ ሱስ ወሬ ሲነሳ «አካላዊ ጥገኝነት» እና «ስነ ልቦናዊ ጥገኝነት» የሚሉት ሁለት ቃላት አይቀሩም። ችግሩ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን «እውነተኛው ሱስ»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «አመል» አድርጎ መውሰዱ ነው። በዚህ ስሌት የተነሳ ሱሰኛ ያልሆነ ሰው ሱሰኛ ይባላል፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ደግሞ «ያንተ የጭንቅላት ነው፣ ተወው በቃ» ተብሎ ይሸኛል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

አካላዊ ጥገኝነት ማለት ሰውነት ዕፁ ሁሌም ይመጣል ብሎ ራሱን አስተካክሏል ማለት ነው። ዕፁ ሲቀር ሚዛኑ ይፋለስና ሰውየው ይታመማል። ላብ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሐኪም በዓይኑ የሚያየውና በመሣሪያ የሚለካው ነገር ነው።

ስነ ልቦናዊ ጥገኝነት ሌላ ነው። ሲከፋህም ሲደላህም መጀመሪያ ሐሳብህ ላይ የሚመጣው እሱ ከሆነ፣ ያለ እሱ ቀኑ አልገፋ ካለህ፣ ላለመውሰድ ወስነህ ወጥተህ እጅህ ላይ ይዘኸው ከተመለስክ፣ እሱ ነው። ቴርሞሜትር አያሳየውም።

በወረቀት ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ ይለያል። ሰው ላይ ግን ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት።

ሰውነት ዕፁን «የሚለምደው» እንዴት ነው?

ከውጭ የሚገፋ በርን ከውስጥ ሆኖ እንደሚደግፍ ሰው አስቡት። የውጪው በገፋ ቁጥር የውስጡ ጉልበት ይጨምራል። የሚገፋው ሰው ድንገት ሲተወው ግን የውስጡ በአፍጢሙ ይደፋል።

ሄሮይን፣ ሞርፊን እና ዘመዶቻቸው (ባንድ ላይ ኦፒዮይድ ይባላሉ) በአንጎል ግንድ ላይ ያሉ ኖርአድሬናሊን የሚባል ሰውነትን የሚያነቃቃ ኬሚካል የሚረጩ ሕዋሳትን ያዳክማሉ። ሕዋሳቱ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ከዕፁ ጋር እየታገሉም ቢሆን ሥራቸውን ለመሥራት ጉልበታቸውን ይጨምራሉ። ለዚህ ነው በመጀመሪያ የሚበቃው መጠን ከጊዜ በኋላ የማይበቃው። ዕፁ የቀረ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ጉልበት ባንዴ ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የሰውነት ፀጉር ይቆማል።

አልኮልም መንገዱ ይለያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባለውን ኬሚካል ያግዛል፣ የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ደግሞ ይጫነዋል። አንጎልም ተቃራኒውን እየሠራ ሚዛኑን ይጠብቃል። መጠጡ ሲቆም ፍሬን የሌለው መኪና ይሆናል።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ (ደስ ይላል ከተባለ)። ዕፁ ሲቋረጥ የሚመጣው ሕመም ዕፁ ራሱ የሚያደርገው ነገር ግልባጭ ነው። ኦፒዮይድ ሆድ ያደርቃል፣ ሲቀር ተቅማጥ። የዓይን ብሌን ያጠባል፣ ሲቀር ይሰፋል። አልኮል ያረጋጋል፣ ሲቀር እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህንን ያወቀ ሰው ምልክቶቹን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ሳቋርጥ አመመኝ። ሱሰኛ ሆኛለሁ ማለት ነው?

አይደለም። ይሄን ጥያቄ በድንጋጤ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ረጋ ብለን እናስረዳው።

አካላዊ ጥገኝነት ብቻውን ሱስ አይደለም። ለከባድ ሕመም ለሳምንታት ሞርፊን የወሰደ ሰው ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል፣ በድንገት ቢቋረጥበትም ሊታመም ይችላል። ግን መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ሲያልቅለት አብዛኛው ሰው ዞር ብሎም አያየው። ከዕፅ ጋር ጭራሽ የማይያያዙ መድኃኒቶችም ይሄ ባሕርይ አላቸው። ክሎኒዲን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ባንዴ ሲቆሙ ማዞርና መረበሽ ያመጣሉ። ለግፊት ኪኒኑ ብሎ ዕቃ ሸጦ የሚያድር ሰው ግን አላየንም።

ቡናስ? ካፌይንም ያው ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ሊያመው ይችላል። የራስ ምታቱ አካላዊ ጥገኝነት ነው፣ ነፃ ማስረጃ በየቤቱ።

ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚያጠራው ግን የጨቅላ ሕፃናት ጉዳይ ነው። እናቱ በእርግዝና ጊዜ ኦፒዮይድ ስትወስድ የቆየች ሕፃን ተወልዶ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሳያቋርጥ ያለቅሳል፣ ጡት አልይዝ ይላል። ሰውነቱ ዕፁን ለምዷልና። ያ ሕፃን ሱሰኛ ነው? ዕፁን አያውቀውም፣ አልፈለገውም፣ ነገ ፍለጋ አይወጣም። አካላዊ ጥገኝነት ሙሉ በሙሉ አለ፣ ሱስ ግን የለም።

አንድ ማሳሰቢያ። «ሱስ እንዳይሆንብኝ» ብላችሁ የታዘዘ መድኃኒት በራሳችሁ ባንዴ አታቁሙ። ያዘዘውን ሐኪም እንዴት ይቀነስ ብላችሁ ጠይቁ።

«ስነ ልቦናዊ ብቻ ነው» ከተባለ ቀላል ነው ማለት ነዋ?

ይቺ «ብቻ» የምትለው ቃል ስንቱን ሰው እንዳጠፋች!

ታሪኩን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ዕፆችን በሁለት ከፈላቸው፤ ሰውነት የሚይዘውን «ሱስ»፣ ሰውነት የማይይዘውን ደግሞ «ልማድ» አለው። አከፋፈሉ ብዙ አልቆየም። በ1964 ሁለቱም ቃላት ተትተው «የዕፅ ጥገኝነት» የሚል አንድ ስም እንዲተካቸው ተወሰነ። ምክንያቱም «ልማድ» የተባለው ሰውን ከ«ሱስ» ባላነሰ ያጠፋ ነበር።

ሐሳቡ ግን ከሰው ጭንቅላት ቶሎ አልወጣም። ኮኬይንን ውሰዱ። ሲቋረጥ እንደ ሄሮይን አያስመልስም፣ እንደ አልኮል አያንቀጠቅጥም። ድካም፣ ድብርት፣ ብዙ እንቅልፍ፣ ብዙ ረሃብ ነው። ስለዚህም በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ «ኮኬይን ያን ያህል ሱስ አያስይዝም» የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ1980ዎቹ ክራክ (የሚጨሰው ኮኬይን) ሲመጣ የሆነው ሆነ።

ጭራሽ ዕፅ የሌለበትም አለ። ቁማር ወደ ደም የሚገባ ምንም ነገር የለውም፣ ሰው ግን ቤቱን ያስይዛል፣ ትዳሩን ያፈርሳል። በ2013 የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመዘኛ ቁማርን ከዕፅ ሱሶች ጋር ባንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል።

ደግሞስ «ስነ ልቦና» የት ነው ያለው? አየር ላይ አይደለም። አንጎል ውስጥ ነው፣ አንጎል ደግሞ ሥጋ ነው። በ1954 ኦልድስ እና ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ማንሻ ሲጫኑ አንድ የተወሰነ ቦታ በኤሌክትሪክ እንዲነካ አደረጉ። አይጦቹ ማንሻውን በሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ መጫን ያዙ። ዕፆች ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል እያስረጩ የሚጠመዝዙት ይህንኑ «ድገመው» የሚለውን መንገድ ነው። ስለዚህ «የጭንቅላት ነው» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ነው ማለት ነው።

ሐራራ ከየትኛው ይመደባል?

አማርኛችን እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሁለቱንም ባንድ ቃል ይዞታል። ሐራራ ሲይዝህ አፍህ ይደርቃል፣ ትቆጣለህ፣ ሰውነትህ ይፍታታል፤ በዚያው ሰዓት ሐሳብህ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ተቸንክሯል። የቱ የአካል፣ የቱ የሐሳብ እንደሆነ የያዘው ሰውም አይነግራችሁም።

ለሕክምና ሲባል ግን ይለያል። ባለፉት ጥቂት ቀናት አቁመህ የሚመጣው ሐራራ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነቱ መፋለስ ጋር አብሮ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የድሮ ጓደኛህን መንገድ ላይ ስታይ ድንገት የሚመጣው ግን የትዝታ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

በድንገት ማቆም የሚገድለው የትኛውን ነው?

ልዩነቱ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ይሄን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ።

አልኮል። ሰዎች ከሄሮይን ያነሰ ይመስላቸዋል፣ በማቋረጥ በኩል ግን ይብሳል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንዴ ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱና ግፊቱ ይወጣል። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። «ልብ ካለህ ክፍል ዘግተህ ቁረጠው» የሚለው የጓደኛ ምክር እዚህ ላይ የሞት ምክር ነው።

ዲያዜፓም እና መሰሎቹ (ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች)። ከአልኮል ጋር አንድ ዓይነት አደጋ አላቸው። በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው የሚቀነሱት።

ሄሮይንና ሌሎች ኦፒዮይዶች። ሰውየው ሊሞት የደረሰ ይመስላል፣ እሱም እንደዚያ ይሰማዋል፣ ግን ጤነኛ ጎልማሳን ማቋረጡ ራሱ የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚያሰጋው ከማስመለስና ከተቅማጥ የሚመጣው የፈሳሽ ማነስ ነው። ነፍሰ ጡር ግን በምንም ዓይነት በራሷ ማቆም የለባትም፣ ለፅንሱ አደጋ አለው።

ኮኬይንና ሜታምፌታሚን (ሁለቱም የሚያነቃቁ ዕፆች ናቸው) ሲቋረጡ ሰውነቱን ብዙም አይጥሉም። እዚህ የሚያስፈራው ድብርቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ስለሚችል ሰውየው ብቻውን ባይሆን ይመረጣል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከተናገረ ደግሞ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ስንት ቀን ይፈጃል?

አካላዊው? አጭር ነው። ሄሮይን ከመጨረሻው ጊዜ በኋላ በግማሽ ቀን ገደማ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ በሳምንት ገደማ ይበርዳል። ሜታዶን (ለሄሮይን ሱስ ሕክምና የሚሰጠው ኦፒዮይድ) ዘግይቶ ይጀምርና ይጎተታል። የሲጋራው ኒኮቲን በሁለተኛ ሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል።

ስነ ልቦናዊው ግን ቀን አይቆጠርለትም።

ካናቢስ ሱስ አያስይዝም ይባላል። እውነት ነው?

የሚጠቀም ሁሉ አይያዝም፣ የሚያዝ ግን አለ። ብዙ ጊዜ በየቀኑ ያጨሰ ሰው ሲያቆም ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ሕልሙ ይረብሸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ቀላል ስለሆነ የለም አይባልም።

ካቆምኩ ወራት አልፈዋል፣ ለምንድነው አሁንም የሚያምረኝ?

አንጎልህ ዕፁን ብቻ አልነበረም ሲማር የቆየው። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሽታውን፣ አብሮህ የነበረውን ሰው፣ ኪስህ ውስጥ ገንዘብ ሲገባ የሚሰማህን ስሜት ሁሉ ከዕፁ ጋር አያይዞ መዝግቧል። ዕፁ ከደምህ ከወጣ ቆይቷል፣ መዝገቡ ግን አልተሰረዘም።

በ1940ዎቹ አብርሃም ዊክለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋሉ። ኦፒዮይድ ካቆሙ ወራት ያለፋቸውና ሰውነታቸው ፍፁም የፀዳ ታካሚዎች ባንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ዕፅ ሲያወሩ ያዛጋሉ፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ንፍጣቸው ይወርዳል። ልክ ትናንት እንዳቆመ ሰው። ወሬው ብቻ ሰውነቱን ቀሰቀሰው። የአካልና የሐሳብ ድንበር የቱ ጋ ነው የሚል ሰው ይሄን ያስብ።

ይባስ ብሎ ሐራራው ሁልጊዜ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ አይሄድም። በ2001 በታተመ ጥናት ኮኬይን የለመዱ አይጦች ዕፁ ከተከለከሉ በኋላ፣ የዕፁን ምልክት ሲያዩ የሚያሳዩት ፍለጋ ሁለት ወር እስኪሞላ ድረስ እየጨመረ ነው የሄደው። ሰው አይጥ አይደለም፤ ግን ሦስተኛ ወርህ ላይ ከመጀመሪያው ሳምንት የባሰ ፍላጎት ቢያንገላታህ ደካማ ስለሆንክ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጠውን ደግሞ ልንገራችሁ። በቬትናም ጦርነት ከዘመቱት የአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ ሄሮይን ቀምሰው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ተከታትለው ሲጠይቁ፣ 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ሳሉ ሱሰኛ እንደነበሩ ተናገሩ። ሁሉም ሰው ማዕበል ጠበቀ። ከእነዚያ ሱሰኞች ግን በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተያዙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለምን? ብዙ ክርክር አለበት። የማይካደው ግን ጫካው፣ ፍርሃቱ፣ አብሮ የሚያጨሰው ጓደኛ፣ በየጥጉ የሚገኘው ርካሽ ሄሮይን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀርቷል። ሱሰኛ ከማገገሚያ ወጥቶ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጓደኛ ሲመለስ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

አሁን ሐኪሞች ሱስን በምን ይለዩታል?

«አካላዊ ነው ስነ ልቦናዊ?» ብለው አይደለም። ከላይ ያነሳሁት የ2013ቱ መመዘኛ 11 ነጥቦች አሉት። ካሰብከው በላይ መውሰድ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሥራና ቤተሰብ መበደል፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል እና የመሳሰሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ከተገኙ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሰውነት መልመዱና ሲቋረጥ መታመሙ ከ11ዱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ በአግባቡ ለሚወስድ ሰው ደግሞ እነዚያ ሁለቱ ጭራሽ አይቆጠሩበትም።

ሜታዶን መስጠት ሱስን በሱስ መተካት አይደለም?

እስካሁን ያልነው ከገባችሁ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚወስድ ሰው አካላዊ ጥገኝነት አለው፣ አዎ። የጠፋለት ግን ሌላኛው ነው፤ ፍለጋው፣ ስርቆቱ፣ በየስድስት ሰዓቱ መታመሙ፣ መርፌው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ከፍና ዝቅ የለውም። ሜታዶን ለዚህ ሥራ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኒው ዮርክ ተሞክሮ ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል፤ በሕክምናው የቆየ ሰው የመሞት ዕድሉ ካልታከመው በጣም ያነሰ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው ሱሰኛ አንለውም አይደል?

ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን እንዲህ ያለ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። እዚያ የሚሠራው የንግግር ሕክምናና የሽንት ምርመራው ንፁህ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ዘዴ ነው። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን በብዙ ጥናት ውጤት ያሳየው እሱ ነው።

ወንድሜ ሁለት ጊዜ አቁሞ ሁለት ጊዜ አገረሸበት። ተስፋ ልቁረጥ?

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚሉህን አትስማ። ማገርሸት እንደ ደም ግፊትና እንደ አስም ባሉ ረጅም ሕመሞችም የተለመደ ነው፤ ግፊቱ ተመልሶ የወጣበትን ሰው ግን «አቅም የለህም» ብሎ የሚሳደብ የለም። ይልቅስ የት፣ ከማን ጋር፣ ከምን በኋላ እንደጀመረ ጠይቀው። ሁለቱም ጊዜ ያገረሸበት ከተመሳሳይ ነገር በኋላ ሊሆን ይችላል።

ያቆመ ሰው ሲያገረሽበት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ለምንድነው?

ሐሳቡ የድሮውን መጠን ያስታውሳል፣ ሰውነቱ ግን ረስቶታል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ልምዱን ይጥላል። ከእስር ቤት ወይም ከማገገሚያ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አደጋው የሚከፋው ለዚህ ነው፤ ድሮ የሚያረካው መጠን ዛሬ ትንፋሹን ያቆመዋል።

ሌላም አለ። በ1982 ሼፐርድ ሲገል እና ባልደረቦቹ ሄሮይን የለመዱ አይጦችን ለሁለት ከፍለው ከባድ መጠን ሰጧቸው። በለመዱት ክፍል ከተሰጣቸው 32 በመቶው ሞቱ፣ በማያውቁት ክፍል ከተሰጣቸው ደግሞ 64 በመቶው። አይጦቹም ልምዳቸውም መጠኑም አንድ ነው፣ ክፍሉ ብቻ ተለየ። የለመዱት ክፍል «ሊመጣ ነው፣ ተዘጋጅ» ብሎ ሰውነትን ያስጠነቅቅ ነበር፤ በአዲሱ ክፍል ግን አስጠንቃቂ አልነበረም።

ስለዚህ ኦፒዮይድ ያቆመ ሰው ቤታችሁ ካለ ናሎክሶን ማግኘት የሚቻል ከሆነ አስቀምጡ። የአፍንጫ ወይም የመርፌ መድኃኒት ነው፣ የቆመ ትንፋሽን በደቂቃዎች ይመልሳል። ከሰጣችሁት በኋላም «ነቃ» ብላችሁ አትተዉት፤ የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይና ሰውየው መልሶ ሊሰምጥ ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ አምቡላንስ ጠርታችሁ፣ አጠገቡ ቆዩ።